ሦስት ሰው ሲቀር፦ የትልቅ ኦማሃ ውድድር የመጨረሻ ሰዓታት፣ ደረጃ በደረጃ

በላስ ቬጋስ በየዓመቱ በሚካሄደው የዓለም የፖከር ውድድር ላይ መግቢያው 25,000 ዶላር የሆነ የፖት ሊሚት ኦማሃ ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንቶኒ ዚኖ አሸንፎት ከ1.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ፤ በ2019 ስቲቨን ቺድዊክ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ይዞ ተነሣ። እዚያ መጨረሻ የሚደርሱት ሁሉ ካርታውን ጠንቅቀው ያውቁታል። የሚበላለጡት ፊታቸው የተከመረው ቺፕ በዚያች ሰዓት ስንት ዶላር እንደሚያወጣ በማወቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ስሌት የሚወስድ መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ ፖቱን ራስዎ ይቁጠሩ

በፖት ሊሚት ማንም ሰው ፖቱ ውስጥ ካለው በላይ ማሳደግ አይችልም። ትልቁን ውርርድ በፍጥነት ለማግኘት የመጨረሻውን ውርርድ በሦስት ያባዙና ፖቱ ውስጥ ያለውን ሌላውን ገንዘብ ይደምሩበት። ብላይንዱ 50,000 እና 100,000 ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚገባው ሰው እስከ 350,000 ድረስ ማሳደግ ይችላል። በዚያ ላይ ደግሞ የሚያሳድገው እስከ 1,200,000 ይደርሳል። አንቲ በስሌቱ ውስጥ ይገባ እንደሆነ የየቤቱ ደንብ ሊለያይ ስለሚችል፣ ቀኑ ሳይጀመር ዳኛውን ይጠይቁ።

ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር ይከተላል። አሥር ትልቅ ብላይንድ ብቻ የቀረዎት ከሆነ እንደ ሆልደም ቀድመው ኦል ኢን ማለት አይችሉም፤ የሚፈቀድልዎ ሦስት ተኩል ብላይንድ ነው። ትልቁን ብላይንድ የከፈለው ሰው ደግሞ 250,000 ጨምሮ 500,000 ያለበትን ፖት ስለሚያይ፣ የማሸነፍ ዕድሉ አንድ ሦስተኛ ከሆነ ይበቃዋል። በኦማሃ መልክ ያለው እጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ያንን ያህል ዕድል አለው። ስለዚህ ቺፕ ሲያልቅብዎ ብላይንድ እሰርቃለሁ ብለው በደካማ እጅ አይግቡ፤ ይከተሉዎታል። ሌላው ሰው በፖት ልክ አሳድጎ እርስዎ 12 ብላይንድ ወይም ከዚያ በታች ካለዎት ግን፣ መልሰው በማሳደግ ሁሉንም ማስገባት ይችላሉ። ጥሩውን እጅ ለዚያ ያቆዩት።

ደረጃ 2፦ የብልጫዎን ልክ ይወቁ

በእጅ አራት ካርታ ይያዛል፤ የሚቆጠረው ግን በትክክል ሁለት ከእጅ፣ ሦስት ከጠረጴዛ ነው። ኮንከር እየተጫወተ ላደገ ሰው፣ በእጅ ያለው ሁሉ ዋጋ ይኑረው የሚል ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ ከአሥር ሰዓት ጨዋታ በኋላ ሲደክም ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ አራት ልብ ቢወጣ፣ በእጅዎ ያለው ልብ አንድ አስ ብቻ ከሆነ ፍላሽ የለዎትም።

ከ52 ካርታ 270,725 የተለያዩ የአራት ካርታ እጆች ይወጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አስ ያለባቸው 6,961 ናቸው፤ ከ39 አንድ ጊዜ ገደማ ማለት ነው። በሆልደም ሁለት አስ ሁለት ንጉሥን ሲገጥም 80 በመቶ ያህል ያሸንፋል። በኦማሃ ግን ተከታታይ የሆነ፣ ሁለት ሁለቱ አንድ ምልክት የሆኑበትን እጅ፣ ለምሳሌ ጃክ፣ 10፣ 9፣ 8ን ሲገጥም ነገሩ ወደ 60 ለ40 ይወርዳል። ከፍሎፕ በኋላ ደግሞ ሊገለበጥ ይችላል። ጃክ፣ 10፣ 7፣ 6 ይዘው ፍሎፑ 9፣ 8፣ 2 ቢወጣ፣ ስትሬት የሚሰጡዎት ካርታዎች 20 ናቸው፦ አራት ኩዊን፣ አራት 5፣ እንዲሁም ከጃክ፣ ከ10፣ ከ7 እና ከ6 ሦስት ሦስት። በቀሩት ሁለት ካርታዎች ከ20ው አንዱ የመምጣት ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። ገና ምንም ሳይሠሩ ጥንድ አስ ከያዘው ይቀድማሉ።

እንግዲህ ከፍሎፕ በፊት የሚገኝ ብልጫ ጠባብ ነው። ይህን 60 ለ40 ይያዙት፣ ደረጃ 4 ላይ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 3፦ ሽልማቱ በር ላይ

ሽልማት ለመግባት አንድ ሰው ሲቀር ጠረጴዛዎች ሁሉ አንድ አንድ እጅ እያከፋፈሉ ይጠባበቃሉ። በዚያ እጅ በተለያየ ጠረጴዛ ሁለት ሰው ቢወጣ ሽልማቱን ይካፈላሉ፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ እጁ ሲጀመር ብዙ ቺፕ የነበረው ይቀድማል። ቺፕዎ ትንሽ ከሆነ ከእርስዎ ያነሰ ስንት ሰው እንዳለ ተነሥተው ይዩ። መቁጠር ነውር የለውም።

ደረጃ 4፦ ቺፑን ወደ ገንዘብ ይለውጡ

ዋናው ይህ ነው። ተጫዋቾች አይሲኤም የሚሉት ስሌት የእያንዳንዱን ሰው ቺፕ ከጠቅላላው ጋር አነጻጽሮ አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ የመውጣት ዕድሉን ያወጣል፤ ዕድሉን በሽልማቱ ሲያባዙት የቺፑ ዋጋ ይገኛል። በምሳሌ እንየው። ሦስት ሰው ቀርቷል፤ ሽልማቱ 1,000,000፣ 600,000 እና 400,000 ዶላር ነው። ትልቁ ከጠቅላላው ቺፕ 50 በመቶ፣ መካከለኛው 30 በመቶ፣ ትንሹ 20 በመቶ ይዘዋል። ስሌቱ ለትልቁ 768,000፣ ለመካከለኛው 655,000፣ ለትንሹ 577,000 ያህል ይሰጣል። የቺፑን ግማሽ የያዘው ሰው ከገንዘቡ 38 በመቶ ብቻ ነው ያለው። ቺፕ ሲበዛ የእያንዳንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሚያጡት ቺፕ ከሚያገኙት ይበልጥ ውድ ነው።

አሁን ሁሉንም አስገብቶ ለመግጠም ስንት በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልጋል? ብላይንዱን ለጊዜው እንተወው። ትንሹ ትልቁን ለመግጠም 57 በመቶ ገደማ ያስፈልገዋል፤ መካከለኛውን ለመግጠም 54 ይበቃዋል። ትልቁ ትንሹን በ52፣ መካከለኛውን በ54 ይገጥማል። መካከለኛው ትንሹን በ53 ይገጥማል። ትልቁን ለመግጠም ግን 61 በመቶ ገደማ ይፈልጋል።

ከደረጃ 2 ጋር ያገናኙት። ሁለት አስ እንኳ ጥሩ የተያያዘ እጅ ሲገጥመው 60 አካባቢ ነው። እንግዲህ መካከለኛው ሰው ትልቁ ላይ ሁሉንም ከፍሎፕ በፊት ሲያስገባ፣ አስ ይዞም ቢሆን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ያው አራት ካርታ ግን በትንሹ ላይ ያለ ማመንታት ይገባል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት የሚፈራው ለትንሹ ነው፤ በእኔ እምነት በጣም የታሰረው መካከለኛው ነው። የሚያጣው ብዙ ስለሆነ፣ ትልቁም ይህን አውቆ ስለሚጫነው።

ይህ ማለት አስ ይጣላል ማለት አይደለም። መካከለኛው ከሆኑና ትልቁ ካሳደገ፣ መልሰው ከማሳደግ ይከተሉትና ፍሎፕ ይዩ። በኦማሃ ብልጫው የሚለየው ሦስቱ ካርታ ከወጡ በኋላ ነው፤ 60 ለ40 የነበረው 75 ለ25 ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጥሩ ባልሆነ ፍሎፕ በትንሽ ኪሳራ ይወጣሉ። ትልቁ ከሆኑ ተገላቢጦሹን ያድርጉ፦ መካከለኛው ብላይንድ ላይ ሲቀመጥ ደጋግመው ያሳድጉ። ትንሹ ከሆኑ ደግሞ ከሁለቱ የትኛው እንዳሳደገ ይዩና ከመካከለኛው ጋር መግጠምን ይምረጡ። ብላይንድ ከከፈሉ ወይም ፖቱ ውስጥ ቀድመው ቺፕ ካስገቡ የሚያስፈልግዎ መቶኛ ትንሽ ይወርዳል።

እነዚህን ቁጥሮች ጠረጴዛ ላይ ማስላት አይቻልም። በብዙ ትልልቅ ውድድሮች አንድ ውሳኔ የሚሰጠው 30 ሰከንድ ነው። የሽልማቱ ዝርዝር ቀደም ብሎ ስለሚለጠፍ በእረፍት ሰዓት የእርስዎን አቋም፣ ካሸነፉና ከተሸነፉ የሚሆነውን በወረቀት ይሥሩት። በገዛ እጄ ሠርቼ ያገኘሁት ቁጥር ነው ጠረጴዛ ላይ የሚመጣልኝ፤ ያነበብኩት አይመጣም።

ደረጃ 5፦ ከፍሎፕ በኋላ ሁለተኛ አይሁኑ

አራት ካርታ ሲያዝ ጥሩ እጅ ብዙ ነው፣ ስለዚህ በንጉሥ የሚመራ ፍላሽ ብዙ ቺፕ ያስከፍላል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት አንድ ምልክት ካለና የዚያ ምልክት አስ በእጅዎ ብቻውን ካለ፣ ተቃዋሚዎ ትልቁን ፍላሽ ሊይዝ አይችልም። ይህ ካርታ ፍላሽ ባይሠራልዎም በትልቅ ውርርድ ማስፈራራት ያስችላል፤ በተለይ ትልቁ እርስዎ ሆነው የሚጫኑት መካከለኛውን ከሆነ። ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ከወጣ ግን ይተዉት፣ ፉል ሃውስ ያለው ሰው አይሸሽም።

ደረጃ 6፦ ሁለት ሲቀሩ፣ ከዚያም ክፍያው

የሁለተኛው ሽልማት የሁለታችሁም ሆኗል፤ የምትጫወቱት ለልዩነቱ ነው። አይሲኤም እዚህ አይሠራም፣ 51 በመቶ ብልጫ ነው። በተኑን የያዘው ትንሹን ብላይንድ ይከፍላል፣ ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ፣ ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ ይናገራል፤ በዚያ ቦታ አብዛኛውን እጅ ይጫወቱ፣ ብላይንድ ላይ ሲሆኑ ይቆጠቡ።

ክፍያው ላይ መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። አሜሪካ ነዋሪ ከሆኑ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ የተጣራ ሽልማት ደብልዩ ቱ ጂ የሚባል ቅጽ ይሰጥዎታል። ከኢትዮጵያ ሄደው የተጫወቱ ከሆነ ሁለቱ አገሮች የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው 30 በመቶ እዚያው ይቆረጣል። መግቢያውን ለመክፈል ድርሻ የሸጡለት ሰው ካለ፣ የእሱ ክፍያ የሚሰላው ከዚህ ቅነሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው የመጀመሪያው ካርታ ሳይከፋፈል በጽሑፍ ይስፈር።