ሁለገብ ሰንጢ በቡና ነጋዴ ኪስ፦ ምላጭ ቆጥሮ መግዛት ያዋጣል?

በአዲስ አበባ መርካቶም ሆነ በጅማ ገበያ ሁለገብ ሰንጢ የሚሸጠው በቁጥር ነው። ማሸጊያው ላይ «15 በ1» ወይም «21 በ1» ይላል። ሻጩም ምላጩን፣ መጋዙን፣ ሞረዱን፣ ጠርሙስ መክፈቻውን አንድ በአንድ አውጥቶ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል። ገዢው ይቆጥራል፣ ዋጋውን ለቁጥሩ ያካፍላል፣ «ርካሽ ነው» ብሎ ይከፍላል። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቡና ወቅት ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ወይም ወደ ጌራ ለሚመላለስ ነጋዴ ደግሞ ስህተቱ የሚያስከፍለው የሰንጢውን ዋጋ ብቻ አይደለም።

ዕቃው ከመነሻው የተነደፈው ለቁጥር አልነበረም። የስዊዘርላንድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1891 ለወታደሮቹ ያደለው ተጣጣፊ ሰንጢ አራት ነገር ብቻ ነበረው፤ ምላጭ፣ ወስፌ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቪቴ። ወታደሩ በጊዜው የታጠቀውን ጠመንጃ ለመፍታት ካቻቪቴ፣ ስንቁን ለመክፈት ደግሞ ቆርቆሮ መክፈቻ ያስፈልገው ነበር። የዛሬው ቪክቶሪኖክስ ኩባንያ መሥራች ካርል ኤልዜነር እ.ኤ.አ. በ1897 ሁለተኛ ምላጭና የወይን ጠጅ ቡሽ መንቀያ ጨምሮ የመኮንኖች ሰንጢ አወጣ። ጦሩ ግን ይህን በይፋ አላደለም፤ መኮንኖቹ ከኪሳቸው ነው የገዙት። በመሣሪያና በጌጥ መካከል ያለው ልዩነት ያኔውኑ ታይቷል ማለት ነው።

ፒንሳ ያለበትን ዓይነት ያስለመደው አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በርካሽ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ በየመንገዱ ስትበላሽ በኪሱ ያለው ሰንጢ አልበቃውም፤ የጎደለው ፒንሳ ነበር። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1980 አገኘ፤ ለገበያ ያቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ስምንት ዓመት የፈጀው አንድ ጉድለት ለመሙላት ነበር።

እንግዲህ የጅማው ነጋዴ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ስንት ምላጭ አለው?» ብሎ ሳይሆን «የእኔ ጉድለት ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

መልሱን የማድረቂያ አልጋዎቹ ዘንድ ሄዶ ማየት ይቻላል። አልጋ የሚባለው በእንጨት ቋሚዎች ላይ የተወጠረ ወንፊት ሽቦ ነው። ቡናው በየቀኑ ይገለበጥበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል፣ ሠራተኛ ይደገፈዋል። ሽቦው አንድ ቦታ ሲበጠስ ቡናው ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ከመሬት የተለቀመ ቡና ተመልሶ ከንጹሁ ጋር ሲቀላቀል የአፈር ጣዕም ይዞ ይሄዳል። «ጅማ 5» በሚል ደረጃ የሚታወቀው ያልታጠበ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ የተጎዳው አፈር አፈር በሚል ጣዕሙ እንደሆነ የቡና ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዋነኛው ምክንያትም መሬት ላይ ማድረቅ ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን አንድ ክንድ ሽቦ ቆርጦ ሁለት ጊዜ ማጠማዘዝ ይበቃል። የሚያስፈልገው ጥሩ ፒንሳ ነው። ፒንሳው ከተማ ባለ መኪና ውስጥ ከቀረ ቀዳዳው እስከ ማግስቱ ይቆያል።

ሁለተኛው ቦታ ማጠቢያ ጣቢያው ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ጄኔሬተሩ የሚቆመው የነዳጅ ጎማው ፋሼታ ላልቶ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ተነቅሎ ከሆነ የኪስ ካቻቪቴና ፒንሳ ሥራውን ያስቀጥላሉ። የመፈልፈያው ትልልቅ ብሎን ከላላ ግን ሁለገብ ሰንጢ አይነካውም። በፒንሳ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው የብሎኑን ጠርዝ በልቶ ለመካኒክ ተጨማሪ ሥራ ይፈጥራል። ለዚያ የመካኒክ ቁልፍ ሣጥን አለ።

መጋዘን ስንገባ የምላጩ ሥራ ሲባጎ መቁረጥ ነው፤ የወስፌው ደግሞ የተቀደደ ጆንያ መስፋት፣ ዓይን ያለው ከሆነ። ናሙና ለማየት ጆንያ በሰንጢ መቅደድ ግን የስንፍና ሥራ ነው። ለዚህ ጆንያውን ወግቶ ፍሬ የሚያወጣው ባዶ ቱቦ ተሠርቷል፤ ቀዳዳውም ወዲያው ይዘጋል። እርጥበትንም ቢሆን በምላጭ ቆርጦ ማወቅ አይቻልም፤ የ11.5 በመቶውን ወሰን የሚያውቀው መለኪያው ብቻ ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህንን በጭማሪ ጥቅም ያየዋል። ፒንሳው፣ ምላጩ፣ ካቻቪቴውና ወስፌው ከዋጋው በላይ ይመልሳሉ። አምስተኛው ጥቂት ይጨምራል። አሥራ አምስተኛው ከዜሮ በታች ነው፤ ምክንያቱም ኪስ ያከብዳል፣ ሌሎቹንም ያቀጥናል። የአንድ መዳፍ ውፍረት ለሃያ አንድ ነገር ሲከፋፈል ምላጩ እንደ ቆርቆሮ ይሳሳል። በዚህ አገር የቡሽ መንቀያ ለማን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም።

በቁጥር ምሳሌ እንየው። ደህናው 4,000 ብር፣ ቅጂው 800 ብር ነው እንበል። ደህናው አሥር ዓመት ካገለገለ የዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ 400 ብር ነው። ቅጂው በአንድ የለቀማ ወቅት ከተሰበረ ተቀናሹ 800 ብር፣ ማለትም እጥፍ ነው። ቅጂው ሁለት ወቅት ከቆየ እኩል ይሆናሉ፤ ሦስት ከቆየ ቅጂው ያዋጣል። ስለዚህ ክርክሩ ያለው በዋጋው ላይ ሳይሆን በዕድሜው ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲወደድ ብዙ ገዢ ወደ ቅጂው ቢያዘነብል አያስገርምም፤ አስመጪውም ማወቅ ያለበት ይኸንኑ ዕድሜ ነው።

ዕድሜውን ሱቅ ውስጥ መገመት ይቻላል። መጀመሪያ ፒንሳውን ዘግቶ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ጫፎቹ ካልገጠሙ ቀጭን ሽቦ አይይዙም። ከዚያ መታጠፊያውን ወደ ጎን ማወዛወዝ። በብሎን የተያያዘ ከሆነ ሲላላ ይጠበቃል፤ በቅጂዎቹ ላይ እንደሚታየው ተቀጥቅጦ በደካማ ምስማር የተገጠመ ከሆነ ከላላ በኋላ መመለሻ የለውም። አንዳንድ ሻጮች ማግኔት አውጥተው «አይስብም፣ የማይዝግ ነው» ይላሉ። ይህ ማስረጃ አይደለም። ለምላጭ የሚጠነክረው የማይዝግ ብረት ራሱ በማግኔት ይሳባል፤ ጭራሽ የማይሳበው ዓይነት ለማንኪያ እንጂ ለምላጭ ለስላሳ ነው።

ከሁሉም በላይ መቆለፊያው መታየት አለበት። ይህንን የምጽፈው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ባለ ብዙ ምላጭ ሰንጢ ሲባጎ እየቆረጥኩበት ሳለ መቆለፊያው ተንሸራቶ ምላጩ በጣቴ ላይ ታጠፈ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ሁሉንም ቆጥሬ ነበር የገዛሁት። ምላጩን ከፍቶ ጀርባውን በጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ፣ ጣትን ከማጠፊያው አርቆ፣ ጫን ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌዘርማን ለምርቶቹ የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኩባንያው የሚገኘው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ነው። የመላኪያው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ከተቀራረበ ዋስትናው ለአጋሮ ነጋዴ ከወረቀት አያልፍም። ወኪል ሆኖ ለማስመጣት የሚያስብ ባለሀብት ከዕቃው ይልቅ ይህንን ክፍተት ቢያጠና ይሻለዋል፤ እዚሁ የሚቀይርና የሚጠግን ሱቅ ያለው ሰው ከፍ ባለ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ ቅባቱ። የጅማ አየር እርጥብ ነው፣ የእሸት ቡና ልጋግም ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ስለዚህ ሰንጢው በየሳምንቱ በሞቀ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አንድ ጠብታ ዘይት ይፈልጋል። የመኪና ዘይት ግን አይሁን። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋ ሲቀንስ ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው ላይ ሳይሆን በጆንያዎቹ ላይ ነበር። ቡና የነካውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ዘይቱ ለምግብ መሣሪያ የሚሆን ይሁን፣ ናሙና ከመንካት በፊትም ምላጩ ይጠረግ። በአባ ጅፋር አየር ማረፊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ነጋዴም ሰንጢውን በሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ ያስገባው፤ በእጅ ይዞ ከመጣ ፍተሻው ላይ ይቀርበታል።