ስለ ብልት ጡንቻ መኮማተር

የቦረና እናቶች ሆይ፤ አንዳንዷ ሴት ከባሏ ጋር ስትገናኝ የብልቷ ጡንቻ ሳታዘው ይኮማተርና ያማታል። ይህ እንቢተኝነትም እርግማንም አይደለም፤ ዐይን አቧራ ሲመጣበት ራሱ እንደሚጨፈን ያለ ነው። ፍርሃት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የግርዛት ጠባሳ፣ የወሊድ ቁስል ያመጡታል። በግድ ሲሆን ይብሳል፤ ስለዚህ ባል ይታገሥ፤ ትዳርም በዚህ አይፍረስ።

እንዲህ እንመክራለን። ቅጠልም ሳሙናም ወደ ውስጥ አታስገቡ። መጀመሪያ መካነ ሰላም ሆስፒታል ወይም ቅርብ ጤና ጣቢያ ተመርመሩ፤ ቁስል ካለ ይታከማል። ከዚያ በየቀኑ ጋደም ብላችሁ፣ ሽንት እንደሚያዝ ጡንቻውን ጥቂት አጥብቃችሁ፣ በረጅሙ እየተነፈሳችሁ ልቀቁት፤ ዋናው መልቀቁ ነው። ሲለምድ ጥፍር ተቆርጦ በታጠበ ጣት ቀስ በቀስ አለማምዱት፤ ካመመ አቁሙ። በትዕግሥት ብዙዎች ይድናሉ።

ሴት ልጆቻችንንም 18 ዓመት ሳይሞላቸው አንዳር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል።