ለውድድር ብስክሌት ማርሽ አመራረጥ

በማደሪያችን የብስክሌት ውድድር ወሬ ሲነሳ፣ «ከባድ ማርሽ የያዘ ይቀድማል» የሚል አይጠፋም። ክርክሩን በጩኸት ሳይሆን በሒሳብ ብንፈታው ይሻላል ብለን ይህችን ትምህርት አዘጋጅተናል።

ማርሽ ማለት ንጽጽር ነው። ከፊት 52 ጥርስ፣ ከኋላ 13 ጥርስ ቢኖር፣ 52 ለ13 ሲካፈል 4 ይሆናል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ 4 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ ብስክሌቱ 8.4 ሜትር ይሄዳል። ፊት 42፣ ኋላ 21 ቢሆንስ? ንጽጽሩ 2፣ ርቀቱ 4.2 ሜትር ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትልቁን አንይዝም? በርቀት ያገኘነውን በግፊት ስለምንከፍል ነው። እግራችን ፔዳሉን እኩል ቢጫንም፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጎማው የሚገፋበት ኃይል በግማሽ ይቀንሳል።

ተወዳዳሪ በሜዳ ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ያህል ያዞራል እንበል። በ8.4 ሜትሩ ማርሽ ይህ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው። ይኸው ሰው ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣስ? ዳገቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በደቂቃ 200 ሜትር ቢሆን፣ በ4.2 ሜትሩ ማርሽ ፔዳሉ 48 ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞራል። እያንዳንዱ ዙር ከባድ ግፊት ስለሚጠይቅ እግር ቶሎ ይዝላል፤ ጉልበትም ይታመማል። ፊት 34፣ ኋላ 28 ቢይዝ ግን በአንድ ዙር 2.55 ሜትር፣ በደቂቃ 78 ዙር ይሆንለታል። ፍጥነቱ ያው ነው፤ እግሩ ግን ለመጨረሻው ይተርፋል።

ስለዚህ አመራረጡ እንዲህ ነው፦
1ኛ. የመንገዱን ከባድ ዳገት አይቶ ቀላሉን ማርሽ መወሰን።
2ኛ. ለሜዳውና ለቁልቁለቱ ከባዱን መወሰን።
3ኛ. መካከሉን መሙላት። ከ13 ወደ 15 ማለፍ የ15 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ከ24 ወደ 26 ግን 8 በመቶ ብቻ። ትንንሾቹ በአንድ በአንድ ጥርስ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

የማርሹ ብዛትም አያታልለን። 52 ለ26 እና 42 ለ21 ሁለቱም 2 ናቸው።

ነገ ክፍል ስንገባ ንጽጽርን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አናስተምር። ብስክሌት ገልብጠን፣ ጎማው ላይ ጨርቅ አስረን፣ ፔዳሉን ቀስ ብለን አንዴ እናዙር፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩ።

መልመጃ፦ ፊት 50፣ ኋላ 25 ጥርስ ያለው ብስክሌት በደቂቃ 80 ዙር በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ለደጀን ዳገትስ ይበቃል ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።