ጎተራና ሰውነት፦ ለአንድ ቀን ምን ያህል ምግብ ይበቃናል?

በሬ ሥራ ፈትቶ በበረት ቢውልም ድርቆሽ ይበላል። እርሻ ሲጀመር ደግሞ ያው ድርቆሽ አይበቃውም። ስለዚህ ገበሬው የእርሻው ወር ከመድረሱ በፊት በሬውን ይቀልበዋል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ለራሳችንና ለቤተሰባችን ግን እንዲህ አድርገን የምናሰላ ስንቶቻችን ነን? እህል የሚሸጠው ከአጨዳ በኋላ ነው፤ የሚጎድለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ምን ያህሉ ተሽጦ ምን ያህሉ በጎተራ መቅረት እንዳለበት ለማወቅ በመጀመሪያ ሰውነት በቀን የሚፈጀውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ምግብ ለሰውነት እንደ ማገዶ ነው። የምግብ ኃይል የሚለካው በካሎሪ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ካሎሪ ነው። ሐኪሞች ኪሎ ካሎሪ ይሉታል፤ በተለምዶ ግን ካሎሪ ስለሚባል እኛም እንዲሁ እንላለን። ጠንክሮ የሚያርስ ሰው በቀን ወደ 3,000 ካሎሪ ይፈልጋል። ይህ ሙቀት 37 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ያህል እሳት በየቀኑ በሰውነታችን ውስጥ ይነዳል ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እንመልከት። ሰው ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል ምግብ ያስፈልገዋል ወይ? አዎን፣ ያስፈልገዋል። ልብ ሌሊትም ይመታል። ሳንባ ይተነፍሳል። ጉበትና ኩላሊት አያርፉም። አንጎል ብቻውን በዕረፍት ጊዜ ከሚወጣው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። ሰውነትም ብርድ ሆነ ሐሩር ሙቀቱን በ37 ዲግሪ አካባቢ መጠበቅ አለበት። ሰው ተኝቶ እንኳ ለመኖር ብቻ የሚያወጣውን ይህን ኃይል የመኖሪያ ፍጆታ እንበለው። የሥራው ፍጆታ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

የመኖሪያ ፍጆታን ለመገመት ክብደትን ማወቅ ይበቃል። በጤና ጣቢያ ሚዛን አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት አለ፤ ለሒሳብ እንዲቀል ቁጥሩን ጥቂት አጠጋግተን እናቀርበዋለን። ወንድ ከሆነ ክብደቱን በ15 አባዝቶ 680 ይደምር። ሴት ከሆነች ክብደቷን በ15 አባዝታ 500 ትደምር። ስሌቱ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላለ ሰው ነው። ከ30 በላይ ሆኖ ከባድ ክብደት ለሌለው ሰውም ብዙ አይሳሳትም። ከ60 ዓመት በኋላ ግን ፍጆታው ይቀንሳል።

እስቲ እናስላ። ክብደቱ 55 ኪሎ የሆነ ገበሬ፦ 55 በ15 ሲባዛ 825 ነው። 680 ሲደመር 1,505 ካሎሪ ይሆናል። ይህ ተኝቶ ቢውል ነው። ቀላል ሥራ ከሠራ አንድ ተኩል ጊዜ ይባዛል፤ ወደ 2,300 ይጠጋል። ካረሰ፣ ካረመ ወይም ካጨደ በ2 ይባዛል፤ 3,010 ይሆናል።

ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነች ባለቤቱስ? 50 በ15 ሲባዛ 750፤ 500 ሲደመር 1,250 ነው። ለሴት ከባድ ሥራ በሠንጠረዡ 1.8 ጊዜ ነው የሚባዛው፤ 2,250 ይሆናል። ከሩቅ ወንዝ ውሃና እንጨት ተሸክማ፣ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭታ፣ ከዚያም አረም የምትውል ሴት ግን በ2 ብትባዛ ይሻላል እንላለን። የሴት ሥራ እንደ ሥራ ሳይቆጠር ብዙ ዘመን አልፏል። ጡት የምታጠባ ከሆነች ደግሞ 500 ካሎሪ ይጨመርላታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ 300 ይጨመራል። ስለዚህ ይህች እናት ብታጠባ 2,750 ያስፈልጋታል፤ ከሚያርሰው ባሏ ብዙም አይተናነስም። ታዲያ በስንቱ ቤት ነው እናት ከሁሉ በኋላ፣ የተረፈውን የምትበላው?

ወደ ጎተራው እንመለስ። አባት 3,010፣ የምታጠባ እናት 2,750፣ የ9 ዓመት ልጅ 1,900 ያህል፣ የ4 ዓመት ልጅ 1,300 ያህል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ድርሻውን በእናቱ ጡት ያገኛል። ድምሩ ወደ 9,000 ካሎሪ ነው። አንድ ኪሎ እህል ወይም ጥራጥሬ 3,500 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ቤተሰቡ በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይፈልጋል። በዓመት 9 ኩንታል ከ12 ኪሎ ይመጣል። ለነቀዝ፣ ለአይጥና ለእንግዳ አንድ ኩንታል ቢጨመር 10 ኩንታል ነው። ዘር ለብቻው ይቀመጣል። ወተት፣ ዘይት ወይም ድንች በቤት ካለ ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

ይህ ቤተሰብ ዘር ከተነሣለት በኋላ 12 ኩንታል ቢተርፈው፣ የሚሸጠው 2 ኩንታል ነው። 5 ኩንታል ሸጦ 7 ቢያስቀርስ? 700 ኪሎ ለ2.5 ሲካፈል 280 ቀን ነው። ከኅዳር 1 ጀምሮ ቢበላ፣ ነቀዝ ባይነካው እንኳ ነሐሴ 10 ቀን ያልቃል። እንግዲህ እህሉ የሚያልቀው በክረምት ነው፤ አረሙ በበዛበት፣ ሰውነት በ2 በሚባዛበት ወቅት። በኅዳርና በታኅሣሥ በርካሽ የተሸጠ እህል ብዙ ጊዜ በክረምት በውድ ይገዛል።

ዕዳ ኖሮበት መሸጥ ግድ የሚሆንበት ሰውም አለ። እሱ አንድ ነገር ይወቅ፦ አንድ ኪሎ ጤፍና አንድ ኪሎ በቆሎ የሚሰጡት ካሎሪ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም። ጤፉን ሸጦ በቆሎ ወይም ማሽላ ያስቀመጠ ሰው በዚያው ገንዘብ ብዙ ቀን ይበላል። ሽሮና ጎመን ከበቆሎው ጋር መቅረብ አለባቸው፤ ካሎሪ ኃይል ይሰጣል እንጂ ብቻውን ሰውነት አይገነባም።

ምግቡ ከፍጆታው ሲያንስ ምን ይሆናል? ሰውነት የራሱን ስብ፣ ከዚያም ሥጋውን ያነዳል። ፍጆታውንም ይቆጥባል፤ ሰውየው ይዝላል፣ ይበርደዋል። ሰዎች ግን ሰነፈ ይሉታል። ልጅ ከሆነ ዕድገቱ ይቆማል። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን አጥሚት ቢጠጣ በውሃ ይሞላል፤ ካሎሪው ግን ጥቂት ነው። ወፍራም ገንፎ ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ቢደረግ ይሻለዋል። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። በወባ ወይም በሌላ በሽታ ያተኮሰው ሰውም ቢተኛም ይፈጃል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመኖሪያ ፍጆታው ከ10 እስከ 13 በመቶ ይጨምራል። በሽተኛ ምግብ አይሰጠው የሚለው ልማድ ትክክል አይደለም።

መልመጃ። ክብደቷ 45 ኪሎ የሆነች፣ ከባድ ሥራ የምትሠራ ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ስንት ካሎሪ ያስፈልጋታል? ይህስ ስንት ግራም እህል ይሆናል? ራሳችሁ ካሰላችሁ በኋላ ከመልሱ ጋር አስተያዩ፦ የመኖሪያ ፍጆታዋ 1,175፣ በ1.8 ሲባዛ 2,115፣ የእርግዝናው 300 ሲጨመር 2,415 ካሎሪ ነው። ይህም ወደ 700 ግራም እህል ይሆናል።