ስለ ራውተሮች መንገድ አመራረጥና ስለ ብልሽታቸው አፈላለግ

የክፍለ ከተማችን ስም መነሻ «ነፋስ» እና «ስልክ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ናቸው። ዛሬም ብዙው መልእክታችን በነፋስ መኻል፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ፣ በአንቴና ይተላለፋል። ይህ መልእክት መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ፣ ሲሳሳትም ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋራ ሆኜ ያየሁትን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቀረብሁ።

በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። በየመገናኛው ተቀምጦ እያንዳንዱ እሽግ ወዴት እንዲሄድ የሚወስነው መሣሪያ ራውተር ይባላል። መንገዱን ሰው በእጁ ሊጽፍለት ይችላል፤ ዳሩ ግን አንድ መሥመር በተበጠሰ ቍጥር ሰው እየሄደ መለወጥ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ራውተሮች እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ መንገዱን ራሳቸው የሚያገኙበት ሕግ ወጣ።

ከነዚህ ሕጎች አንዱ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. ይባላል። በዚህ ሕግ ጐረቤታሞች በየ10 ሴኮንዱ «አለሁ» ይባባላሉ፤ 40 ሴኮንድ ሙሉ ድምፁ የጠፋ ጐረቤት እንደ ሌለ ይቈጠራል። ከሰላምታው በኋላ የመረቡን ካርታ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱም ራውተር፣ የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የስሌት ዘዴ፣ በካርታው ላይ የሚቀርበውን መንገድ ያሰላል።

አጎቴ የሚሠሩበት አነስተኛ ድርጅት በጎፋ፣ በመካኒሳና በለቡ ሦስት ራውተሮች አሉት። ሦስቱም እንደ ሦስት ማዕዘን የተያያዙ ሲሆኑ ኢንተርኔቱ የሚገባው በጎፋ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የለቡ ራውተር ተቃጠለና በሌላ ተተካ። ከዚያ ወዲህ የለቡ ደንበኞች «ማታ ማታ በጣም ዘገየብን» እያሉ ያማርሩ ጀመር። ከነርሱም መካከል ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ነበሩ። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተርም መሰጠት ስለ ጀመረ፣ መለማመድ ያልቻለ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጐዳ እናንተው ታውቃላችሁ። የመካኒሳ መብራት በጠፋ ምሽት ደግሞ ለቡ ጨርሶ ተቋረጠች። ከጎፋ ጋራ የሚያገናኛት ቀጥታ መሥመር እያለ ይህ ለምን ሆነ?

እኔ ቸኵዬ የለቡን ራውተር አጥፍቼ አበራሁት። ምንም አልተለወጠም፤ ይልቁንም መሣሪያው መዝግቦት የነበረውን የብልሽት ታሪክ አጠፋሁ። አጎቴም በዝናብ ጣሪያ ላይ ወጥተው አንቴናውን ሲያቀኑ ግማሽ ቀን አለፈ። ከጎፋ ወደ ለቡ ፒንግ ስንልክ ወዲያው መልስ ስለ መጣ «መሥመሩ ደኅና ነው» አልሁ። አጎቴ ግን «ልጄ፣ ሰው ከደጁ አቤት ስላለህ የላክህለትን ጭነት ሁሉ ይቀበላል ማለት አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በሥርዐት ጀመርን። አንደኛ፣ መብራቱ፣ ኬብሉና አንቴናው መሥራታቸውን አረጋገጥን። ሁለተኛ፣ ትንሹ መልእክት ማለፉን በፒንግ አየን። ሦስተኛ፣ የለቡን ራውተር የጐረቤቶቹን ዝርዝር ጠየቅነው። መካኒሳን «ፉል»፣ ማለት ሙሉ ጐረቤት ብሎ ጽፎታል፤ ጎፋን ግን «ኤክስስታርት»፣ ማለት ካርታ ለመለዋወጥ ገና የተጀመረ ይለዋል። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ከዚያ አያልፍም። አራተኛ፣ በሁለቱ ራውተሮች ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ ጐን ለጐን አድርገን መሥመር በመሥመር አነጻጸርን።

ምክንያቱ እዚያ ተገኘ። በዚያ መሥመር ላይ የጎፋው ራውተር እስከ 1500 ባይት የሚደርስ እሽግ እንዲያሳልፍ ታዟል፤ አዲሱ የለቡ ራውተር ግን በ1400 ተወስኗል። ይህ ልክ ኤም.ቲ.ዩ. ይባላል። «አለሁ» የሚለው ሰላምታ ትንሽ ስለ ሆነ ያልፋል። ካርታ መለዋወጥ ሲጀመር ግን ራውተሮቹ ልካቸውን ይነጋገራሉ፤ ከራሱ ልክ የሚበልጥ የተነገረው ራውተር «አልቀበልም» ይላል። ከዚህ የተነሣ ቀጥታው መሥመር ከካርታው ውጭ ሆነ፤ ጭነቱም ሁሉ በመካኒሳ ዞረ። አንቴናዎቹ 1500 ማሳለፍ እንደሚችሉ አይተን የለቡን ልክ ብናስተካክል፣ ጎፋም ወዲያው «ፉል» ተባለ። አጎቴ ግን በዚህ አልረኩም። የመካኒሳን መሥመር ሆን ብለው ለጥቂት ጊዜ ዘግተው፣ ለቡ አለመቋረጧን በዐይናቸው ካዩ በኋላ ነው መሰላሉን ያነሡት።

ችግሩ በትንሽ ድርጅት ብቻ የሚደርስ አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በፌስቡክ መረብ ላይ ለጥገና በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ምክንያት፣ ትልልቅ መረቦች በሚነጋገሩበት ቢ.ጂ.ፒ. በሚባለው ሕግ ወደ ድርጅቱ የሚያደርሱ መንገዶች ተሰርዘው፣ አገልግሎቱ ስድስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር።

እንግዲህ የተማርሁት ይህ ነው። መንገዱን ራሱ የሚያገኝ መረብ ጕድለቱንም ራሱ ይሸፍናል፤ ዞሮም ቢሆን ስለሚያደርስ ብልሽቱ የሚታወቀው ሁለተኛው መንገድ የጠፋ ዕለት ነው። ስለዚህ «ዘገየ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ቅሬታውን ሳንንቅ፣ አጥፍቶ ለማብራትም ሳንቸኵል፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለው ከሥሩ ጀምረን እንፈልግ።