ፒክ ኢት አፕ፦ ከሲቀላ እስከ ዶርዜ ፍሬዛል ቨርብ መልመጃ

«ቁጭ በል»ን ለአንድ ፈረንጅ ቃል በቃል ተርጉሙለት። «ቁጭ» ብቻውን ምንም አይደለም። «በል» ደግሞ «ተናገር» ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሰውየው ወንበር መሳብ አለበት። ፍሬዛል ቨርብም ይኸው ነው። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ፣ እጅ መስጠት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ያዟቸው። ሁለተኛዋን ትንሽ ቃል እዚህ «ጭራ» እንላታለን።

መለማመጃችን አርባ ምንጭና ዙሪያዋ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ በራሳችሁ ሰፈር ተኩት።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ያለቀ ደብተር፣ መቀስ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ የብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ በቀን 20 ደቂቃ።

ደረጃ 1፦ ካርድ ሥሩ

የደብተሩን ሽፋን ገንጥሉ። 10 በ7 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። ከአንድ ሽፋን 8 ያህል ይወጣል። እያንዳንዱን ነጩ ገጽ ወደ ውጭ እንዲሆን መሃል ለመሃል እጠፉት። አሁን ፊትም ጀርባም ነጭ ሆነ፤ ሥዕሉና የማባዣ ሠንጠረዡ ውስጥ ቀርቷል። በላስቲክ እሰሯቸው።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

ከመጽሐፍ ጀርባ ያለውን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች አትሸምድዱ። አንድ ቦታ ምረጡና እዚያ የሚነገሩ 5 ብቻ ውሰዱ። ለመጀመሪያው ቀን መንገድ ይሁን።

ጌት ኢን፣ መግባት፤ ለባጃጅና ለትንሽ መኪና።
ጌት አውት፣ ከእነሱ መውረድ።
ጌት ኦን፣ መሳፈር፤ ለአውቶቡስ።
ጌት ኦፍ፣ ከአውቶቡስ መውረድ።
ሴት ኦፍ፣ ጉዞ መጀመር።

ኢን ነው ኦን እያላችሁ አትጨነቁ። ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት ከሆነ ኢን፣ ውስጡ ቆማችሁ የምትራመዱበት ከሆነ ኦን በሉ። ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ ሰፈር የሚወጣው ባጃጅ ኢን ነው፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ኦን። ሞተር ሳይክልና ፈረስም ኦን ናቸው፤ የምትቀመጡት ላያቸው ላይ ነውና።

ጥንቃቄ፦ የአንድ ግስ ቤተሰብ በአንድ ቀን አትሰብስቡ። ሉክ ፎር መፈለግ፣ ሉክ አፍተር መንከባከብ፣ ሉክ አፕ መዝገበ ቃላት ውስጥ ማየት ነው። ሦስቱ አብረው ከገቡ አብረው ይምታታሉ። በየሳምንቱ አንድ አንድ አምጡ።

ደረጃ 3፦ ፊቱን ጻፉ

ግሱን በሰማያዊ፣ ጭራውን በቀይ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፤ እዚህ በእኛ ፊደል የሰፈረው ለአነባበብ ነው። በካርዱ ፊት ላይ አማርኛ አታስገቡ።

ደረጃ 4፦ ጀርባው ላይ ያያችሁትን ጻፉ

ፒክ አፕን እንውሰድ። ጀርባው ላይ «ማንሳት» ብላችሁ አትለፉ፤ ያያችሁትን ነገር አስገቡበት። ወደ ጨንቻ በሚወስደው አቀበት ላይ ያለውን የዶርዜ ቤት አስቡ። ከቀርከሃ ተጠልፎ የተሠራ፣ የእንሰት ቅጠል የለበሰ፣ ከፊት ሲያዩት ዝሆን የሚመስል ቤት። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ባለቤቱ ግን አዲስ ቤት ለመሥራት አይቸኩልም። ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ብድግ ያደርገውና ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። በሉ፣ ጻፉት፦ «ፒፕል ፒክ አፕ ዘ ሀውስ ኤንድ ሙቭ ኢት።» ብድግ ማድረግ፣ ፒክ አፕ። የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም ሁለት ቃል መሆኑን ልብ በሉ።

ምስጡም ካርድ ይገባዋል። ኢት አዌይ፣ ቀስ በቀስ ቦርቡሮ መጨረስ።

አስጎብኚ ለመሆን የምታስቡ ሴት አፕንም አትርሱ፤ ማቋቋም ማለት ነው። «ነጭ ሳር ፓርክ ዋዝ ሴት አፕ ኢን 1974» ብላችሁ ጻፉ። በእኛ አቆጣጠር 1966 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ሳትቀይሩ ብትናገሩ እንግዳው ፓርኩን 8 ዓመት ያስረጀዋል።

ደረጃ 5፦ «ኢት»ን መሃል አስገቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ዘ ሀውስ» ሲሆን ፒክ አፕ ዘ ሀውስ ማለት ይቻላል። «ኢት» ሲሆን ግን መሃል መግባት አለበት፦ ፒክ ኢት አፕ። ፒክ አፕ ኢት አይባልም። «ሂም»ና «ዜም»ም እንደዚያው።

ይህን በአማርኛ ስታደርጉት ነው የኖራችሁት። «አላነሳውም» በሉ። «ው» የት ገባች? «አላነሳ» እና «ም» መካከል። የእንግሊዝኛው «ኢት»ም እንደዚሁ ሾልኮ ይገባል።

መሃሉ በሚከፈተው ግስ ካርድ ላይ በግሱና በጭራው መካከል ሰረዝ አስምሩ። ተርን ኦን፣ ተርን ኦፍ፣ ፑት ኦን እና ቴክ ኦፍ ይከፈታሉ።

ጥንቃቄ፦ ሁሉም አይከፈትም። ሉክ አፍተር ኢት እንጂ ሉክ ኢት አፍተር የለም። እንዲህ ያሉትን ያለ ሰረዝ ተዉአቸው።

ደረጃ 6፦ አጣብቃችሁ ተናገሩ

እንግዶች ሲናገሩ ቃሉን የማትሰሙት ስለማታውቁት ላይሆን ይችላል፤ ስለሚጣበቅ ነው። ፒክ ኢት አፕ ሲሉ «ፒኪታፕ» ይሆናል። ቴክ ኢት ኦፍ «ቴኪቶፍ»፣ ጌት አውት «ጌታውት»። ስልካችሁን ክፈቱና 5 ጊዜ ቅዱት። ድምፃችሁ ጭራው ላይ ይበርታ። መልሳችሁ ስሙ። በመካከል እረፍት ካለ እንደገና ቅዱ።

ደረጃ 7፦ «ብኝ»ን በ«ኦን ሚ» ቀይሩ

ብሬክ ዳውን ለመኪና መበላሸት ነው። ሀንግ አፕ ስልክ መዝጋት ነው። «መኪናው ተበላሸብኝ» ማለት ሲያምራችሁ «ኦን ሚ» ጨምሩ፦ «ዘ ካር ብሮክ ዳውን ኦን ሚ።» «ስልኩን ዘጋብኝ» ደግሞ «ሂ ሀንግ አፕ ኦን ሚ»፤ ያለፈ ጊዜ ነውና ሲጻፍ በ«ኤ» ሳይሆን በ«ዩ» ነው። ሰው ሲበድለን «ብኝ» የምንለው ሁሉ እንዲህ አይተረጎምም፤ በእነዚህ ሁለት ጀምሩ።

«ሬዲዮ ክፈት»ን ግን ኦፕን አትበሉት። ተርን ኦን ነው።

ደረጃ 8፦ ለእያንዳንዱ ትርጉም የራሱን ካርድ ስጡ

ቴክ ኦፍ ጫማ ማውለቅ ነው። ቴክ ኦፍ አውሮፕላን መነሳትም ነው። ሁለት ካርድ አዘጋጁ። የመጀመሪያው መሃሉ ይከፈታል፣ ሁለተኛው አይከፈትም፤ ከአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ የሚነሳው አውሮፕላን ራሱ ነው የሚነሳው።

ሉክ ዳውን ኦንም ሁለት ካርድ ይፈልጋል። ከሴቻ ሆናችሁ ሐይቁን ቁልቁል ብታዩ ችግር የለም። ሰውን ቁልቁል ካያችሁት ግን ንቀት ነው፤ በእኛም ያው ነው።

ደረጃ 9፦ ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ካርድ ጨርሱ

አንደኛው ሉክ አውት ነው። «ወደ ውጭ ተመልከት» አይደለም፤ «ተጠንቀቅ!» ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ አዞዎች የሚሰበሰቡበት የአዞ ገበያ አጠገብ፣ ይህን መተርጎም የምትጀምሩበት ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ፑት ኦን፣ መልበስ። እኔ አንድ ጊዜ እንግዳዬን ላይፍ ጃኬት ልበስ ልለው «ፑት ኦፍ» አልኩት። ፑት ኦፍ ለሌላ ቀን ማሳደር ነው። ሰውየው ጃኬቱን በእጁ እንደያዘ «እስከ መቼ?» አለኝ። ጀልባ ነጂው ምን እንደሚያስቀን ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ደረጃ 10፦ ካርዱን አዙሩ

በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ካርዱን አውጡ። ፊቱን አይታችሁ ዓረፍተ ነገሩን በቃላችሁ በሉ። ከዚያ ገልብጡና አረጋግጡ። የተሳሳታችሁትን ከላይ መልሱ። ያወቃችሁትን ከታች አስገቡ። በ3 ዙር ያልተሳሳታችሁትን ከላስቲኩ አውጡና ባዶውን ቦታ በአዲስ ሙሉ።

በ7ኛው ቀን የመንገዱን 5ቱንም በአንድ ታሪክ አገጣጥሟቸው፦ ማለዳ ሴት ኦፍ፣ ባጃጁ ውስጥ ጌት ኢን፣ መናኸሪያው ጋ ጌት አውት፣ አውቶቡሱ ላይ ጌት ኦን፣ ዶርዜ ስትደርሱ ጌት ኦፍ። ያለ ካርድ ተናገሩት። ስልካችሁ ላይ ቅዱትና ለነገ አቆዩት፤ ነገ በጆሯችሁ ስሙትና የተጣበቀውንና ያልተጣበቀውን ለዩ።