የመኖ ሣር መቼ ይዘራ?

በግንቦት የበሬ ጎን ሲታይ አጥንቱ ይቆጠራል። ጭዱ አልቋል፣ የግጦሹ መሬት ተላጭቷል። እርሻ የሚጠብቀው ግን ያንኑ በሬ ነው። ጥቂት ትልም ሄዶ ቢተኛ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የበላው የለም። ይህንን ችግር ለማቃለል በደጋና በወይና ደጋ በክረምት የመኖ አጃ ይዘራል፤ ታጭዶና ደርቆ ለበጋ ይቀመጣል።

ታዲያ መቼ ይዘራ? «ዝናብ ሲጥል ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደ እህል አይደለም። ከእህል የምትጠብቁት ፍሬውን ነው። ከመኖ የምትፈልጉት ቅጠሉንና ለጋ አገዳውን ነው። አጃ እንደ ዘሩና እንደ አየሩ ቢለያይም ከተዘራ በ3 ወር ገደማ ዛላ ያወጣል። ዛላው ከወጣ ጀምሮ ፍሬው ወተት እስኪቋጥር ያለው ጊዜ ለድርቆሽ የማጨጃው ጊዜ ነው። ቀደም ብሎ ቢታጨድ ገንቢ ምግብ በብዛት አለው፤ ሸክሙ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ አልፎ ቢቆይ አገዳው ይጠነክራል፣ ከጭድ እምብዛም አይሻልም። ክምሩ ትልቅ ሆነ ብሎ መደሰት አያዋጣም፤ ላም የምትታለበው በክምሩ ቁመት አይደለም።

እንግዲህ አብረን እንቁጠር። ሰኔ 5 የተዘራ 90 ቀን የሚሞላው ጳጉሜን 5 ነው። ያኔ ሰማዩ ገና አልጠራም። የታጨደው ሣር ይሻግታል፤ የሻገተ ድርቆሽ ደግሞ ከብት ያሳምማል። ፀሐይ እስክትወጣ ብለን ሳናጭድ ብንጠብቅ ሣሩ ያረጃል። ሐምሌ 15 የተዘራስ? ጥቅምት 10 ይሞላዋል። ማድረቂያ ፀሐይ ሞልቷል። ነገር ግን ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ሣሩ ሳያድግ ይቀራል፤ ብርድ በሚበረታበት ደጋም ውርጭ ሊያገኘው ይችላል። ሰኔ 25 የተዘራው መስከረም 20 ይደርሳል፤ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ለድርቆሽ የሚሻለው ይሄኛው ነው። ሆኖም ዝናቡ በየአገሩ መቼ እንደሚወጣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ዘግይቶ በሚወጣበት ገፋ፣ ቀድሞ በሚወጣበት ሳብ ማድረግ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ መዝራት ከንቱ ነው ማለቴም አይደለም። መሬቱን ከፍሎ ጥቂቱን ቀደም አድርጎ የዘራ ሰው በነሐሴ እርጥቡን እያጨደ ለምትታለብ ላም ይሰጣል። ይህ መድረቅ አያስፈልገውም። ቬች የሚባለውን ባለ ሐረግ የመኖ ተክል ከአጃው ጋር ቢቀላቅሉት ደግሞ መኖው በገንቢ ምግብ ይዳብራል።

ዝሆኔ ሣር ሌላ ነው። በዘር ሳይሆን በቁራጭ ይተከላል። 3 አንጓ ያለው ቁራጭ ተመርጦ 2ቱ አንጓ አፈር ውስጥ ይገባል። የክረምቱ ዝናብ መሬቱን እንዳራሰ ወዲያው መትከል ነው። የዘገየ እንደሆነ ሥሩ ሳይጠልቅ በጋው ይደርስበታል።

ቆላ ያላችሁ ማሽላን ለመኖ ዘግይታችሁ ስትዘሩ ተጠንቀቁ። ገና ለጋ ሳለ ድርቅ የመታው ማሽላ መርዝ ይይዛል፤ ከብት ሊገድል ይችላል። ከብቱን አታስገቡበት።

የዘራችሁበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ምሰሶው ላይ ለጥፉት። 90 ቀን ስትቆጥሩ ጳጉሜንን እንዳትዘሏት፤ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች።